እማዬ፣ ፊቴ የሞላው ተስማምቶኝ አይደለም

እማዬ፣ እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ? እኛ ደህና ነን። ናሆም የፊት ጥርሱ ወለቀ። እንደ ደሴ ልጆች ጣራ ላይ ካልወረወርኩ ብሎ ጉድ አፈላ፤ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ሆነን የቱ ጣራ ላይ? ትንሿም አማርኛ ጀምራለች። እስካሁን የምታውቀው «እምቢ» ብቻ ነው።

ባለፈው እሑድ በቪዲዮ አይተሽኝ «ፊትሽ ሞላ፣ አገሩ ተስማምቶሻል» አልሽ። ሳቅኩ። ተስማምቶኝ አይደለም። ፕሬድኒሶሎን የሚባል ኪኒን እየወሰድኩ ነው፤ ፊት ያሳብጣል።

ከስድስት ወር በፊት ነርሷ ግፊቴን ልትለካ ቀኝ ክንዴን አሰረችው። ማሽኑ አላነብ አለ። ተበላሽቶ ነው ብላ ሌላ አመጣች፣ እሱም ያው። ከዚያ አንጓዬን በጣቷ ይዛ ቆየች። አንስታ እንደገና አስቀመጠች። ትርታ የለም። ግራ ክንዴ ላይ ግን ግፊቱ 160 ነበር።

በሽታው ታካያሱ ይባላል። በፈረንጆቹ 1908 ስለ በሽታው ያሳወቀ የጃፓን የዓይን ሐኪም ስም ነው። ከልብ የሚነሱት ትልልቅ የደም ሥሮች ይቆጣሉ፤ ግድግዳቸው ይወፍርና የደሙ መንገድ ይጠባል። አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ከ40 ዓመት በታች ያለን ሴቶች ነው። ከሰው ሰው አይተላለፍም፣ ስለ ልጆቹ አትስጊ።

ሐኪሙ «ድሮ ክንድሽ ይዝልብሽ ነበር?» ሲለኝ ሙቀጫው ትዝ አለኝ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ቡናው ሳይደቅ ክንዴ ድንጋይ ይሆንብኝና ዘነዘናውን አስቀምጣለሁ። አንቺም ቡና ጠጪው ሁሉ በተሰበሰበበት «ይቺን ሰነፍ የሚያገባ ወየሁለት» አልሽ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ሰነፍ አልነበርኩም፣ እማዬ።

ልታውቂ አትችዪም ነበር። ሐኪሞቹ እንኳ በስንት ምርመራ ነው የደረሱበት። ይገባኛል። ግን ያቺን ቀን ሳልነግርሽ መቅረት አልቻልኩም።

ጠበል ልላክልሽ እንደምትዪ አውቃለሁ። ላኪ፣ እጠጣለሁ። ኪኒኑን ተዪው ብቻ አትበዪኝ፤ በድንገት ማቆም አደጋ አለው። የአንቺንስ የግፊት መድኃኒት እየዋጥሽ ነው ወይስ «ዛሬ ደህና ነኝ» እያልሽ ትዘያለሽ? ብር ለሰናይት ልኬያለሁ። ለመድኃኒቱ ነው፣ ለዕድር እንዳታደርጊው።

ለፋሲካ እመጣለሁ ያልኩሽ አይሆንም። ያን ሰሞን ሆስፒታል እገባለሁ። ሌላውን ስደውል።

ሙቀጫውን ለማንም እንዳትሰጪ።