የቀይ መስቀል ክበብ ዘገባ፦ ቡናው ለጀበና፣ ውሃው ለቁስል

የትምህርት ቤታችን ክበብ ሥራው በበዓል ቀን ነጭ ጋውን ለብሶ መሰለፍ ነው የሚሉ አሉ። ዘንድሮ የሠራነውን ያየ ግን እንዲህ አይልም።

ስብሰባውን በአጭሩ ልለፈው። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት ተገናኝተናል፤ ኮሚቴ መርጠናል፤ ዕቅድ አጽድቀናል። ጥቅምት ላይ ለአባላቱ አንድ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው፦ «ቤታችሁ ሰው ሲቆረጥ ወይም ሲላጥ ምን ይደረጋል?» የመጣው መልስ ዓመቱን ሙሉ ሥራ ሆነን። ቡና መነስነስ። ነጭ ጋዝ ማፍሰስ። አመድ። የአንቲባዮቲክ ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን መበተን። «ካላቃጠለ አያድንም» የሚለውማ የማይባልበት ቤት የለም ማለት ይቻላል።

ቡናው ደሙን ያቆመ ይመስላል፤ ግን ቆሻሻ ቁስሉ ውስጥ ይተዋል። አልኮል ጀርሙን ብቻ ሳይሆን ሊሽር የተዘጋጀውንም ሥጋ ይጎዳል። «ንፋስ ይምታው» የሚባለውም ልክ አይደለም። ጆርጅ ዊንተር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1962 በአሳማዎች ላይ እንዳሳየው፣ ተሸፍኖ እርጥበቱ የተጠበቀ ቁስል በአየር ከደረቀው በእጥፍ ገደማ ፈጥኖ ቆዳ ያወጣል። መንጋጋ ቆልፍንም የሚያመጣው የምስማር ዝገት ራሱ ሳይሆን አፈርና እበት ውስጥ የሚገኝ ባክቴሪያ ነው። ይህን ሁሉ በሚኒ ሚዲያ አቀረብን። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ድምፅ ማጉያው ተበላሸና ቆመ። እስካሁን አልተጠገነም።

የማልረሳው የመጋቢቱን የእንጦጦ ጉዞ ነው። ቁልቁለቱ ላይ አንድ የ5ኛ ክፍል ልጅ ጠጠር አንሸራተተውና ጉልበቱ ተላጠ። መንገድ ዳር ቡና የሚያፈሉ አንዲት እናት ደሙን አይተው እፍኝ የተፈጨ ቡና ይዘው ሮጠው መጡ። አንጀታቸው አልችል ብሎ ነው። እኔ አፌን ሳልከፍት፣ ዓመቱን ሙሉ ስብሰባ ላይ ቃል ያልተነፈሰች የ7ኛ ክፍል አባላችን ቀደመችኝ። «እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቡናው ለጀበናው ይሁን፤ እኔ በውሃ ልጠበው» አለቻቸው። ልትጠጣው የያዘችውን የሃይላንድ ውሃ በሙሉ አፈሰሰችለት። ጠጠሩ ወጣ። ዙሪያውን በሳሙና አጠበች። ንጹህ ፋሻ ጭና 10 ደቂቃ ሳትገልጥ ያዘች። ደሙ ሲቆም ቫዝሊን በስሱ ቀብታ ሸፈነችው።

እናትየዋ ቁጢጥ ብለው ሲያዩ ቆዩና «የኔ ልጅ፣ ለቃጠሎስ? እኔን ጀበናው በየቀኑ ነው የሚለበልበኝ» አሏት።

«20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ ያፍስሱበት፤ የጥርስ ሳሙና ግን አይቀቡ።»

እኔ ፊቴን ወደ ባሕር ዛፉ አዞርኩ።

ያ ፋሻ የተገዛው በልጆቹ መዋጮ ነው። የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን ውስጥ ያለው አንድ ጠርሙስ ጂቪና አንድ መቀስ ነው። ቧንቧው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ይመጣል። «በውሃ እጠቡ» ብለን አስተምረን ውሃ ልንነሳቸው አይገባም። ለመጪው ዓመት የምንጠይቀው አንድ ሮቶ፣ ሳሙና፣ ፋሻና ጓንት ነው። ዝርዝሩን ከነዋጋው ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ጸሐፊ ሰጥቻለሁ።