ለደንበኞቻችን፦ የታካሚ መረጃ ታካሚውን እንዲከተል ስለጀመርነው የትብብር ሥራ

በባሕር ዳር፣ በዘጌ፣ በሐሙሲት፣ በወረታና በጎርጎራ ለምትገኙ ክሊኒኮች፣ ላቦራቶሪዎችና መድኃኒት ቤቶች

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ሰላምታችን ይድረሳችሁ። ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ እየደወላችሁ የምትጠይቁን አንድ ነገር ነው፦ እስከ ትናንት በገበያ ስትፎካከሯቸው ከነበሩ የሶፍትዌር ድርጅቶች ጋር መሥራት የጀመራችሁት፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራንንም ያስገባችሁት ለምንድን ነው? ድርጅቱ ተሸጠ ወይ ያሉንም አሉ። አልተሸጠም። ባለቤቶቹም ባለሙያዎቹም እኛው ነን። የሥራችን ወሰን ግን ሰፍቷል፤ ምክንያቱን ልታውቁት ይገባል።

ነገሩን ከሪፈር ወረቀት እንጀምረው። ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታል የተላከች ነፍሰ ጡር እናት ወረቀቷን አራት ላይ አጥፋ፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ጀልባ ትሳፈራለች። የደም ግፊቷ ከየትኛው ወር ጀምሮ እንደጨመረ፣ የደም ዓይነቷ፣ የሄሞግሎቢን ውጤቷ በሦስት መስመር ተጨናንቆ ተጽፎበታል። የሐይቁ ውሃ ከነካው ቀለሙ ይፈስሳል። ያኔ ምርመራው ሁሉ እንደ አዲስ ይታዘዛል፤ ገንዘቧም ይወጣል፣ ከሁሉም በላይ ሰዓቱ ይነጉዳል። የሚያስቆጨን ያ ሁሉ መረጃ በላካት ክሊኒክ ኮምፒውተር ውስጥ፣ ያውም በእኛው ፕሮግራም፣ በሥርዓት ተመዝግቦ መቀመጡ ነው።

ይህን አንድ ድርጅት ብቻውን አይፈታውም። እኛ የክሊኒኩን ካርድ እንሠራለን፤ የላቦራቶሪውን ሌላ፣ የመድኃኒት ቤቱን ደግሞ ሌላ ድርጅት ይሠራዋል። ስለዚህ ከሁለት የከተማችን ድርጅቶች ጋር ተስማምተን፣ ኤችኤል ሰቨን የተባለው ዓለም አቀፍ ተቋም ባዘጋጀውና ፋየር በሚባለው የጤና መረጃ መለዋወጫ ደንብ ፕሮግራሞቻችንን ማገናኘት ጀምረናል። እንዲህ ያለ ትብብር እንደሚሠራ በአገራችን አይተናል። ጤና ሚኒስቴር ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ፣ የፕሮግራሙ ኮድ ለማንም ክፍት የሆነ ሥርዓት ነው፤ ብዙ አገሮች በየፊናቸው እያሻሻሉት ነው የሚጠቀሙበት። እኛም ጋ በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ይሠራል።

መምህራኑን የፈለግናቸው በዋናነት ለስም ጉዳይ ነው። ከሥራው ሁሉ ከባዱ ይህ ሆኖ አግኝተነዋል። በክሊኒክ «ፀሐይ ኃይሉ» ተብላ የተመዘገበች ታካሚ በላቦራቶሪ «ጸሀይ ሀይሉ» ትሆናለች፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት ሴቶች ናቸው። ከውጭ የመጣ ፕሮግራም የቤተሰብ ስም ሲጠይቅ ደግሞ አንዱ መዝጋቢ የአባት፣ ሌላው የአያት ስም ይሞላል። የተወለዱበትን ቀን በግምት የሚናገሩ ታካሚዎችም ጥቂት አይደሉም። አሁን አብረን የሠራነው ፍለጋ አንድ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት እንደ አንድ ይቆጥርና ተቀራራቢ ስሞችን ሁሉ ያወጣል። ሁለት ካርድ ግን በራሱ አያዋህድም። የእናት ስም፣ ቀበሌና ስልክ አመሳክሮ የሚወስነው የካርድ ክፍል ሠራተኛው ነው፤ የአንዷ የፔኒሲሊን አለርጂ በሌላዋ ካርድ ላይ ቢገባ የሚከተለውን እናንተ ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ። የፋይዳ ቁጥር ላለው ታካሚ ሥራው ይቀላል፤ ቁጥር የሌለውም እንደ ወትሮው ይመዘገባል።

የመረጃ ምስጢር ጉዳይ ያሳሰባችሁ ትክክል ናችሁ፤ እኛንም እንቅልፍ የሚነሳን እሱ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መድቦታል። በስምምነታችን መሠረት ካርዱ በእናንተው ኮምፒውተር ይቀመጣል። የሚላከው የሪፈር ማጠቃለያ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ታካሚው ፈቅዶ፣ ሐኪሙ ራሱ «ላክ» ሲል ነው። መምህራኑና ተማሪዎቻቸው የሚሞክሩት ለሙከራ በተፈጠሩ ካርዶች እንጂ በእናንተ ታካሚዎች አይደለም። ሙሉ ወጪያችንን ሊሸፍንልን፣ በምላሹ ስም የተሰረዘበት የታካሚ መረጃ ሊወስድ የጠየቀ ነበር፤ አልተቀበልነውም። ስም መሰረዙ በእኛ አካባቢ በቂ አይደለም። በደቅ ደሴት የምትኖር፣ ሠላሳ ዓመት የሆናት፣ የስኳር ሕመም ያለባት መምህርት ብሎ መጻፍ ስሟን ከመጥራት በምን ይለያል? ይህን አቋማችንን ወደፊት ለሚመጣ አጋር ሁሉ በጽሑፍ እናስታውቃለን።

ኢንተርኔት ሲጠፋስ ላላችሁን፦ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ የሠራንበትን ጊዜ አንዘነጋውም። መስመር ባይኖርም ምዝገባው ይቀጥላል፤ ማጠቃለያውም መስመሩ ሲመለስ ይሄዳል። ታካሚው እስከዚያ እንዳይጉላላ በሪፈር ወረቀቱ ላይ ማጠቃለያውን ራሱን በምስጢር ቁልፍ ተቆልፎ የያዘ ኪውአር ኮድ ይታተማል። ተቀባዩ ተቋም ፕሮግራሙ ካለው ያለ ኢንተርኔት ያነበዋል፤ የኮዱ ከፊል ቢበላሽም ብዙ ጊዜ ይነበባል። እንዲያም ሆኖ ወረቀቱን በፕላስቲክ ከትታችሁ እንድትሰጡ አደራ እንላለን።

ወርሃዊ ክፍያችሁ በዚህ ምክንያት አይጨምርም። መግባት የማይፈልግ ደንበኛም ፕሮግራሙ እንደ ነበረ ይቀጥልለታል፤ ቅር አንሰኝም። መግባት የምትፈልጉ ከካርድ ክፍል አንድ፣ ከላቦራቶሪ አንድ ሠራተኛ መድባችሁ አሳውቁን። ሥልጠናው ግማሽ ቀን ነው፤ ወሩ ለሪፖርት በሚዘጋበት በ20 አካባቢ ባሉት ቀናት ሥራ እንደሚበዛባችሁ ስለምናውቅ በወሩ የመጀመሪያ ሳምንት እናደርገዋለን። እስከዚያው በአዲስ ካርድ ላይ የእናት ስምና ቀበሌ ባዶ እንዳይታለፍ መዝጋቢዎቻችሁን አስታውሱልን፤ ፍለጋው ያለ እነሱ ብዙ አይረዳም።

በስምምነቱ ውስጥ ያልተዋጠላችሁ አንቀጽ ካለ ከመፈረማችሁ በፊት ቢሮአችን ድረስ ኑ፤ አብረን እናነበዋለን፣ መስተካከል ያለበትንም ከአጋሮቻችን ጋር ተነጋግረን እናስተካክላለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅና ባልደረቦች
ባሕር ዳር