መሣሪያችን በሥራው ይመዘን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

አንድ የባሕር ዳር ነዋሪ በአንባቢያን ገጻችሁ ላይ «የከተማችን ጋራዦች የተጋጨ መኪና አያቀኑም፤ ስቱኮ ለጥፈው ቀለም ይቀቡበታል» ሲሉ ያቀረቡትን ወቀሳ አነበብሁ። በባትላሜራ፣ ማለትም የተጋጨ መኪና አካል በማቅናት፣ ሥራ 28 ዓመት ቆይቻለሁና ወቀሳው እኔንም ይነካኛል። ግማሹን እቀበላለሁ። ሁለት ጣት የሚወፍር ስቱኮ (የጎደጎደውን መሙያ ልጥፍ) ከፓራፋንጎ (ከጎማ መሸፈኛው) ላይ እንደ ደረቀ ጭቃ ሲረግፍ አይቻለሁ፤ አንዳንዱንም በመሮ ያራገፍሁት እኔው ነኝ። ጸሐፊው ያልነኩት ግን ላሜራን፣ ማለትም የአካሉን ዝርግ ብረት፣ ያለ ስቱኮ ወደ ቅርጹ ለመመለስ በምን ይሠራል የሚለውን ነው።

የምሠራበት ጋራዥ ዓባይን ተሻግሮ በጎንደር መንገድ ላይ ነው። አዲሱ ድልድይ በ2016 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ በደጃችን የሚያልፈው መኪና በዛ፤ የሚጋጨውም አብሮ በዛ መሰለኝ። ከውጭ የሚመጣው የላሜራ መሥሪያ ዋጋው እንኳን ለእኔ ለባለ መኪናውም አይቀመስም። ስለዚህ የምንሠራበትን ራሳችን እንሠራለን።

የመጀመሪያው የአሸዋ ከረጢት ነው። ወፍራም የበሬ ቆዳ ለኮርቻ ሰፊ ሰጠሁትና ክብ አድርጎ በድርብ ክር ሰፋልኝ። አሸዋውን ከጣና ዳር አምጥቼ በወንፊት ነፋሁት። ሞኝነቴ እርጥቡን መሙላቴ ነበር፤ ክረምቱ ሳይወጣ ቆዳው ሻግቶ ጋራዡን ቆዳ ፋቂ ቤት አስመሰለው። ሁለተኛውን አሸዋ በብረት ምጣድ እንደ ገብስ ቆላሁት። ባለቤቴ «ቆሎው መቼ ይደርሳል?» እያለች ሳቀችብኝ። ከረጢቱ ጢም ብሎ አይሞላም፤ ሩብ ያህሉ ባዶ ሲሆን ነው ላሜራው ከወይራ መዶሻው ሥር ጎድጎድ የሚለው።

ቀጥሎ ከአሮጌ የአይሱዙ ባሌስትራ (መኪናውን ከሥር ከሚሸከመው ቅጠል ብረት) የሠራሁት መምቻ አለ። ቅጠሉን አግዬ እጀታው ወደ ላይ እንዲነሣ አጠፍሁት፤ ፊቱን በሞረድ፣ ከዚያም በብርጭቆ ወረቀት መስታወት እስኪመስል ወለወልሁት። ፊቱ ላይ የቀረች ጭረት በየምቱ ላሜራው ላይ ትታተማለችና። ሰፊ ስለሆነ ምቱን ያሰራጨዋል፤ እንደ ተራ መዶሻ አንድ ነጥብ ላይ አርፎ ላሜራውን አይለጥጠውም። ላሜራ አንዴ ከተለጠጠ እንደ ቆርቆሮ ክዳን ገባ ወጣ እያለ ያስቸግራል። ስቱኮ እንዲለጠፍ የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው፤ ሠሪው በመዶሻ ያበላሸውን በስቱኮ ይሸፍናል።

የምኮራበት ግን ባለ ሁለት መንኮራኩሩ የላሜራ ማጉበጫ ነው። ላሜራው በሁለቱ መካከል ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ የተጨመቀው ቦታ ይሳሳል፤ የሳሳው ይሰፋል፤ የሰፋው መሄጃ ሲያጣ ይጎብጣል። ፋብሪካ በትልቅ ማተሚያ በአንድ ምት የሚያወጣውን የኮፈን ጉብታ እኛ በዚህ ቀስ እያልን እናወጣዋለን። የላይኛው መንኮራኩር የከባድ መኪና ኩሽኔታ (ጎማውን የሚያሽከረክር የብረት ቀለበት) ነው፤ ፊቱ ሜዳ ይሁን። የታችኛው አነስ ይላል፤ መሐሉ ደግሞ እንደ እንቁላል ጎን ጎበጥ ማለት አለበት፤ ያለዚያ ጠርዙ ላሜራውን እየሰነተረ ይሄዳል። ይህችን ጉብታ ለማውጣት ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚቆርጥ ማሽን) ቤት ብወስደው ባለሙያው ቢላውን አስነክቶ ወዲያው መለሰልኝ። የኩሽኔታ ቀለበት የጠነከረ ብረት ስለሆነ የቶርኖ ቢላ አይበላውም። በመጨረሻ ቀለበቱ በቶርኖው እየዞረ ጎን ለጎን በተያዘ የመሳያ ድንጋይ፣ በካርቶን ልክ፣ ማለትም በጉብታው ቅርጽ በተቆረጠ ካርቶን፣ እየለካን ጨረስነው። ሁለት ቅዳሜና እሑድ ፈጀብን። ዛሬ ጉብታቸው የተለያየ ሦስት የታችኛ ቀለበቶች አሉኝ።

መንኮራኩሮቹን የሚይዘው የመጀመሪያው ክፈፍ ግን አዋረደኝ። በስስ ቱቦላሬ (ባዶ ውስጥ ብረት) ስለበየድሁት፣ የታችኛውን መንኮራኩር በክሪክ ወደ ላይ ስገፋው አፉን ይከፍት ጀመር፤ ላሜራውም እንደ ጣና ማዕበል ተሞገደ። ቆራርጬ በወፍራም ብረት እንደገና ሠራሁት። አሁን ሁለት ሰው ካልተጋገዘ ከቦታው አይነቃነቅም፤ እንዲያ መሆንም አለበት።

አንድ ጊዜ የአንድ ሽማግሌ ላንድሮቨር ፓራፋንጎ መጣልኝ። የእነዚህ የድሮ ላንድሮቨሮች አካል በአብዛኛው አሉሚኒየም ነው፤ መኪናው እ.ኤ.አ. በ1948 መሠራት ሲጀምር እንግሊዝ አገር ብረት በኮታ ይታደል ነበርና። አሉሚኒየም ሲቀጠቀጥ ይጠነክራል፤ በእሳት ሳያለሰልሱ የቀጠሉበት እንደሆነ ይሰነጠቃል። ደግሞ እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም፤ ወደ 660 ዲግሪ ሲደርስ ድንገት ቀልጦ ይወርዳል። እኔ የልብስ ሳሙና እቀባውና ከጀርባው በለስላሳ ነበልባል አሞቀዋለሁ፤ ሳሙናው ሲጠቁር እሳቱን አነሣለሁ። ያን ፓራፋንጎ በአሸዋ ከረጢቱ ላይ አውጥቼ በመንኮራኩሩ አለሰለስሁት። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው በመዳፋቸው ዳበሱት፤ የተጎዳው በየት በኩል እንደነበር ጠፋባቸው።

ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። የጋራዡን የብቃት ማረጋገጫ ለማሳደስ ባመለከትሁ ጊዜ አንድ ተቆጣጣሪ ቅጽ ይዞ መጣ። ከመንኮራኩሩ ፊት ቆሞ «የሞዴል ቁጥሩ ስንት ነው?» አለኝ። ቁጥር የለውም አልሁት። «የተሠራበት አገርስ?» እዚሁ፣ የቆሙበት ቦታ ላይ አልሁት። «ቁርጥራጭ ብረት» ብሎ ጻፈና አለፈ። መደርደሪያው ላይ ከላስቲኩ ያልወጣ የመዶሻ ስብስብ አየና እርሱን ቆጠረው። ያን ስብስብ የገዛሁት እንዲቆጠርልኝ ብቻ ነው። ፊታቸው ስላልተወለወለ አንድም ቀን ላሜራ አስነክቻቸው አላውቅም።

በአገራችን ቀጥቃጭ መባል ስድብ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። አሁንማ በአይሱዙ ሻሲ ላይ አካሉ እዚሁ የተሠራለትን አውቶቡስ ሕዝቡ ራሱ «ቅጥቅጥ» ብሎ ሰይሞ ይሳፈርበታል። አውቶቡሱ ታርጋ ተሰጥቶት መንገድ ሲወጣ፣ ያን አካል የሚያወጣው መሣሪያ ቁርጥራጭ ብረት ከተባለ ነገሩ አልገባኝም።

ሁሉም በእጅ የተሠራ ይለፍ አላልሁም። አንዳንዱ የማቀዝቀዣ ሞተር ካሮጌ የጋዝ ሲሊንደር ጋር አጋብቶ የቀለም መርጫ ይሠራል፤ ማስተንፈሻ የለው፣ የግፊት መለኪያ የለው። እርሱ ቦምብ ነው። ተቆጣጣሪው ያንን ቢያሽግ እኔ ራሴ ማሸጊያውን እይዝለታለሁ። መከለያው የተነቀለ የብረት መቁረጫም እንዲሁ ይከልከል። የሚያሳዝነው በዚያ ቀን ስለነዚህ አንድም ጥያቄ አለመጠየቁ ነው፤ ቅጹ ላይ የሉም።

የምጠይቀው ቀላል ነው። ተቆጣጣሪው በሚመጣ ጊዜ አንድ ክንድ የሚሆን የ1 ሚሊ ሜትር ላሜራና አንድ የካርቶን ልክ ይዞ ይምጣ። ጉብታውን በፊቱ ላውጣለት፤ ልኩን ያስቀምጥበትና ብርሃን በመካከሉ ያልፍ እንደሆነ ይይ። ካለፈ ቁርጥራጭ ብረት ይበለኝ፤ ካላለፈ መሣሪያ ብሎ ይጻፍ።

ወቀሳውን የጻፉት አንባቢም ቢመጡ ደስ ይለኛል። መኪናቸው ስቱኮ የበዛበት መሆኑን የሚያውቁበት ቀላል ዘዴ አለ፤ ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለው ቀለሙ ላይ ያስጠጉ። ጥብቅ ብሎ ከያዘ ከሥሩ ላሜራ ነው፤ ከወደቀ ግን ወፍራም ስቱኮ ነው። እኔ ያቀናሁት መኪና ላይ ይሞክሩት። መኪናቸው የድሮ ላንድሮቨር ከሆነች ብቻ ማግኔቱን ቤት ትተውት ይምጡ።

አንድ ባትላሜራ
ከባሕር ዳር