ማሙሽዬ፣ ቢሮውን ከመክፈትህ በፊት

ማሙሽዬ፣

በቴሌግራም የላክህልኝን የክሬዲት ማስተካከያ ሥራ ዕቅድ አንብቤ ጨረስኩ። ቨርጂኒያ ውስጥ ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ ቢሮ፣ በአማርኛ የቲክቶክ ማስታወቂያ፣ ያ ሰማያዊ ሎጎ፣ ሁሉም ያምራል። ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን «መመዝገቢያ 299 ዶላር፣ በቅድሚያ የሚከፈል» የሚል አየሁ። እሱን ዛሬውኑ ሰርዘው።

ነገሩ እንደ ጤና ጣቢያ የካርድ ክፍያ አይደለም። ክሬዲት፣ ማለትም የሰውን የብድርና የአከፋፈል ታሪክ፣ እናስተካክላለን የሚሉትን የሚመለከተው የፌዴራል ሕግ የወጣው እንደ ፈረንጆቹ በ1996 ነው። ቃል የገባኸውን ሥራ ጨርሰህ ሳታስረክብ ከደንበኛ አምስት ሳንቲም መቀበል አትችልም። ስሙን መመዝገቢያ በለው፣ ፋይል መክፈቻ በለው፣ ያው ነው። በስልክ የምትሸጥ ከሆነማ ይብሳል። ውጤቱ ከተገኘ ስድስት ወር ካለፈ በኋላ የወጣ የክሬዲት ሪፖርት ለሰውየው ሳታሳይ መጠየቅም መቀበልም ክልክል ነው። ስለዚህ የሚደውልልህ ሁሉ ቢሮ መጥቶ እንዲያናግርህ ቀጠሮ ስጠው። እዚህ ላይ ጠበቃም አማክር።

«ማሚ፣ ሁሉም እኮ በቅድሚያ ነው የሚቀበለው» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ሌክሲንግተን ሎው በዚህ ሥራ ከትልልቆቹ አንዱ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት የሸማቾች የፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ በ2019 ከሰሰው። ክሱም ይኸው ነው፣ በስልክ እየሸጡ ያለጊዜው ገንዘብ መቀበል። በ2023 ከ2.7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተፈረደባቸው፤ ለ10 ዓመትም ይህን አገልግሎት በስልክ እንዳይሸጡ ታገዱ። በ2024 መጨረሻ ቢሮው ለ4.3 ሚሊዮን ሰዎች 1.8 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያከፋፍል አስታወቀ። እነሱ ያን ሁሉ ጠበቃ ይዘው ካልዳኑ አንተና ያ ጓደኛህ አትድኑም።

አሁን ወደ ደንበኞችህ ልምጣ። እነሱን ከአንተ በፊት የማውቃቸው እኔ ነኝ። በታክስ ሰሞን ወረቀታቸውን በፌስታል ይዘው እኔ ጠረጴዛ ላይ የሚዘረግፉት እነሱ ናቸው። ታክሱን ሳንጨርስ «ክሬዲቴ ተበላሽቷል፣ የሚያጸዳልኝ ሰው ታውቂያለሽ?» ይሉኛል። ሪፖርቱን አውጥተን ስናየው ግን ብዙ ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም። ምንም ነገር የለም። ሰውየው በዲቪ መጥቷል፣ እቁቡን አንድ ወር አላሳለፈም፣ ኪራዩን በሰዓቱ ይከፍላል። ሪፖርቱን ከሚያዘጋጁት ሦስት የክሬዲት ቢሮዎች አንዱ የሆነው ኢኩፋክስ ግን እቁብ አያውቅም። እንዲህ ያለው ሰው የሚያስፈልገው 200 ወይም 300 ዶላር አስይዞ ሴኩርድ የሚባለውን ክሬዲት ካርድ ማውጣት ነው፣ ቢቻል ከክሬዲት ዩኒየን፣ ከአባላት የቁጠባና ብድር ማኅበር። ትንሽ እየተጠቀመ በየወሩ ሙሉውን ይክፈል። ይህን ነግረኸው በነጻ ሸኘው። ከሌለ ነገር ላይ ምን ታስተካክላለህ?

ሌላው ደግሞ እውነተኛ ዕዳ ያለበት ነው። ለአክስቱ ልጅ የመኪና ብድር ኮሳይን አድርጎ፣ ማለትም ዋስ ሆኖ ፈርሞ፣ ልጁ መክፈል ትቶ፣ መኪናዋ ተወስዳ። ያሳዝናል፣ ግን ሪፖርቱ የሚያወራው እውነት ነው። በጊዜው ያልተከፈለ ሂሳብ 7 ዓመት ይቆያል፣ ቻፕተር ሰቨን ባንክራፕሲ የሚሉት፣ ዕዳን በፍርድ ቤት የሚያሰርዘው ኪሳራ፣ 10 ዓመት። እውነት የሆነውን ከጊዜው በፊት አስጠፋለሁ ብለህ ቃል እንዳትገባ። ሁሉንም መስመር «የእኔ አይደለም» እያሉ ደብዳቤ የሚያጎርፉ አሉ፤ ሕጉ ደንበኛን ዋሽ ብሎ መምከርንም ይከለክላል። ሲፒኤን ስለሚሉት ቁጥር አንድ ሰው ሲያወራህ ከሰማሁ ደግሞ እኔና አንተ አንስማማም። በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ፈንታ ሌላ ዘጠኝ አኃዝ እያስጻፉ ሰውን የማጭበርበር ወንጀል ውስጥ የሚያስገቡ ናቸው። ባለፈው አንድ የታክስ ደንበኛዬ ለእንዲህ ያለ ሰው 1,500 ዶላር ከፍሎ፣ ስልኩም አልተነሳለት፣ ገንዘቡም አልተመለሰለት።

እንጀራህ ያለው ስህተት ላይ ነው። ስህተት ደግሞ እኛ ሰፈር ሞልቷል።

የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን ሪፖርቷን ይዛ መጥታ ነበር፤ ስሟን እዚህ አልጽፍም። ገና የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስሟ በሦስት ዓይነት ስፔሊንግ ተጽፏል። አንዱ ከፓስፖርቷ፣ አንዱ ከመንጃ ፈቃዷ፣ አንዱን ማን እንደጻፈው እንጃ። ላስት ኔሟ ያው የአባቷ ስም ነው፣ ወንድሟም እዚያው አድራሻ ላይ በዚያው ላስት ኔም ይኖራል። የሁለቱም ልደት ጃንዋሪ 1 ነው፤ በስደት የመጣ ብዙ ሰው እንዲያ ተብሎ ነው የሚመዘገበው። አራተኛው ገጽ ላይ አይታው የማታውቅ የመኪና ብድር አለ፤ ዘግይቶ የተከፈለ። የወንድሟ ነው። ሴትዮዋ ስንት ጊዜ አፓርትመንት ተከልክላ ምክንያቱን ሳታውቅ ቀረች።

ይህንን አንድ ፈረንጅ ቢያየው ባልና ሚስት ይመስሉታል። አንተ ግን ገና ስታየው ይገባሃል። ሥራህ እሱ ነው። መታወቂያዋን፣ ሶሻሏን፣ የኪራይ ውሏን ኮፒ አድርገህ፣ የትኛው መስመር ስህተት እንደሆነና ለምን እንደሆነ በአጭሩ ጽፈህ፣ በሰርቲፋይድ ሜይል፣ ከነመድረሻ ደረሰኙ ትልካለህ። ለኢኩፋክስ፣ ለኤክስፔሪያንና ለትራንስዩኒየን ለየብቻ፣ አንዱ ጋ የተነሳ ሌላው ጋ ሊቀር ይችላልና። ለአበዳሪውም ላክ። ደብዳቤው ከደረሳቸው በኋላ በተለምዶ 30 ቀን አላቸው፣ አንዳንዴ 45። ቀኑን ካላንደር ላይ ያዝ። የሕክምና ኮሌክሽን፣ ማለትም ለዕዳ ሰብሳቢ የተላለፈ የሕክምና ዕዳ፣ ካየህ ደግሞ አትለፈው። ከ2023 ወዲህ ሦስቱም ቢሮዎች ከ500 ዶላር በታች የሆነውን አንስተዋል፤ የተከፈለውንም ከዚያ በፊት። አሁንም ተጽፎ ካገኘኸው ስህተት ነው።

ይህን ሁሉ ሰው በራሱ በነጻ ሊያደርገው እንደሚችል ታውቃለህ አይደል? ሪፖርቱንም አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ላይ በየሳምንቱ በነጻ ያወጣዋል። ውል ከማስፈረምህ በፊት ይህን መብቱን በጽሑፍ መስጠት ግዴታህ ነው። ሕጉ ያዘጋጀውን እንግሊዝኛ እንዳለ ስጠው፣ ከጎኑ ግን በአማርኛ አስረዳው። በፈረመ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ያለ አንዳች ክፍያ መሰረዝ እንደሚችልም ንገረው። ደንበኛ ይሸሻል ብለህ አትፍራ። ሌሊቱን ሙሉ ኡበር ሲነዳ ያደረ ሰው ደብዳቤ ሲጽፍና ፖስታ ቤት ሲሰለፍ አይውልም። ለድካምህ ይከፍልሃል። የደበቅኸው ዕለት ግን እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ሁሉ ያውቀዋል፤ የሚጠየቀውም «የማን ልጅ ነው?» ነው።

ላይሰንሱን ልብ በል። ቨርጂኒያ ውስጥ የምትመዘገበው የግብርናና የሸማቾች አገልግሎት መሥሪያ ቤት ነው። አትሳቅ፣ ግብርና ነው። ቦንድም፣ ማለትም ደንበኛ ቢጎዳ የሚካስበት የገንዘብ ዋስትና፣ ያስይዙሃል። የሲልቨር ስፕሪንግ ሰዎች እንዲመጡልህ ከፈለግህ ሜሪላንድ የራሷን ላይሰንስና የራሷን ቦንድ ትጠይቃለች። በዕቅድህ ውስጥ ለሁለቱም በጀት አላየሁም።

ገንዘቡ ከሥራው በኋላ ስለሚመጣ የመጀመሪያዎቹ ወራት ደረቅ ናቸው። አሁን ያለህን ሥራ አትልቀቅ። የምሽትና የቅዳሜ አድርገው። ቢሮ ኪራዩም ይቅር፣ እኔ ጋ ከታክስ ሰሞን ውጪ ጠረጴዛው ባዶ ነው። ዋጋህንም በየወሩ አታድርገው። አንድ ስህተት ተነስቶ ውጤቱ በጽሑፍ ሲመጣ፣ ለዚያ ይህን ያህል፣ በቃ። የውሉን ረቂቅ ቅዳሜ ይዘህ ና፣ አብረን እናየዋለን። ጎረቤታችንም ቅዳሜ ከሰዓት ትመጣለች፣ ነግሬያታለሁ። በቅድሚያ ልክፈል ብላ ብትለምንህ እንኳ እንዳትቀበላት፤ ይሉኝታዋን ታውቀዋለህ።

እናትህ

አንድ ነገር ረስቼ። የአትላንታው አጎትህ «እዚህ ደንበኛ እሰበስብለታለሁ» ብሎ ደውሎ ነበር። ጆርጂያ ውስጥ ጠበቆችንና ጥቂት ሌሎችን ካልሆነ በቀር ክሬዲት አስተካክላለሁ ብሎ መሥራት በወንጀል ያስጠይቃል። እኔ ብነግረው አይሰማኝም፣ አንተ ደውልለት።