ሩዝ ሲወደድ ሰማዩን ብቻ አትዩ

ሰላም ለአዘጋጁ፣

ስለ አለም የሩዝ ዋጋ የምታወጡትን ዜና እከታተላለሁ፣ እና ሁሌ የሚያናድደኝ አንድ ነገር አለ። ዋጋው ሲወጣ ኤልኒኖ ነው፣ ሲወርድ ዝናቡ ጥሩ ነበር፣ በቃ። ዝናብ ምንም አያገባውም እያልኩ አይደለም፣ ሩዝ ውሃ ወዳድ ሰብል መሆኑን ማን ይክዳል፣ ግን ላለፉት 20 ምናምን አመታት የሩዝን ገበያ የምር ያናወጡትን ነገሮች አንድ በአንድ ብታዩ አብዛኞቹ ከሰማይ የወረዱ ሳይሆኑ ማህተም ተመቶባቸው ከሚኒስቴር መስሪያ ቤት የወጡ ናቸው። ይሄ ደሞ ዜናው ውስጥ የሚገባው የመጨረሻው መስመር ላይ ነው፣ እሱም ከገባ።

መጀመሪያ ገበያው ራሱ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ሰው ቢያውቅ ጥሩ ነው። በአመት ከ500 ሚሊዮን ቶን በላይ የተፈለፈለ ሩዝ ይመረታል፣ ከዛ ውስጥ ድንበር ተሻግሮ የሚሸጠው አስር በመቶ ገደማ ነው። ስንዴ እኮ ሩብ የሚጠጋው ነው ለውጭ ገበያ የሚወጣው። ሩዝን ያመረተው አገር ራሱ ነው የሚበላው፣ ቻይናና ህንድ ሁለቱ ብቻ የአለምን ምርት ግማሽ ያመርታሉ፣ ያመረቱትን ደሞ መጀመሪያ ለራሳቸው ህዝብ ነው፣ ወደብ የሚደርሰው የተረፈው ነው። የተረፈውም ቢሆን ከጥቂት እጅ ነው የሚመጣው። በ2022 (አመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ህንድ ብቻዋን 22 ሚሊዮን ቶን አካባቢ ልካለች፣ ይሄ ከጠቅላላው የሩዝ ንግድ 40 በመቶ ነው፣ ታይላንድ ቬትናምና ፓኪስታን ሲጨመሩበት ወደ ሶስት አራተኛ ይጠጋል። ገዢው ግን ብዙና የተበታተነ ነው፣ ፊሊፒንስ አለች፣ ኢንዶኔዥያ አለች፣ የምእራብ አፍሪካ አገሮች አሉ፣ የባህረ ሰላጤው አረቦች አሉ። እንዲህ ባለ ገበያ ላይ አንዱ ትልቅ ሻጭ በሩን ገርበብ ሲያደርግ እንኳን ሁሉም ይሰማዋል።

ሌላው ደሞ ሩዝ ሁሉ አንድ አይደለም። ኮንትራት ላይ "ሩዝ" ተብሎ ብቻ አይጻፍም፣ 5 በመቶ ስብርባሪ፣ 25 በመቶ ስብርባሪ፣ ሙሉ በሙሉ ስብርባሪ፣ ነጭ፣ ከነገለባው ተቀቅሎ የደረቀ፣ ባስማቲ፣ ጃስሚን (ሁለቱ መዓዛ ያላቸው ውድ አይነቶች ናቸው) እየተባለ ነው። ሴኔጋል ለምሳሌ ስብርባሪውን ነው የምትፈልገው፣ ርካሽ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ምግቧም በሱ ስለተለመደ። ስለዚህ ህንድ በሴፕቴምበር 2022 ስብርባሪ ሩዝ እንዳይወጣ ስትከለክል የሴኔጋል አስመጪ ባስማቲ ልግዛ አይልም፣ ምን ይሰራለታል። በኋላ ላይ ህንድ ለሴኔጋልና ለጋምቢያ በመንግስት ለመንግስት ኮታ ፈቀደችላቸው፣ እስከዛ ግን ያው መጠበቅ ነው።

አሁን 2008ን እንይ፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር እሱ ላይ በግልጽ ይታያል። ያኔ የአለም የሩዝ ምርት አልወደቀም፣ እንደውም እስከዛ ከነበሩት አመታት ሁሉ የተሻለ ነበር። የተወደደው ስንዴና ነዳጅ ነው። ህንድ ስንዴ ከውጭ መግዛቱ ሲከብዳት ለራሽን የማድለውን በራሴ ሩዝ ልሙላ አለችና በኦክቶበር 2007 ባስማቲ ያልሆነው ሩዝ እንዳይወጣ ከለከለች፣ ትንሽ ላላ አድርጋው እንደገና በኤፕሪል ጭራሽ ዘጋችው። ቬትናም ገደበች፣ ካምቦዲያና ግብጽም ተከተሉ። እያንዳንዱ ለራሱ ሲያስብ ልክ ነው፣ ሲደመር ግን እሳት ነው ሲባል ህዝቡ ሁሉ አንድ በር ላይ እንደሚረጋገጠው ሆነ። በ2007 መጨረሻ በቶን ከ400 ዶላር በታች የነበረው የታይላንድ ሩዝ በኤፕሪልና ሜይ 2008 ከ1,000 ዶላር አለፈ።

ግን ሻጮቹን ብቻ አትውቀሱ። የፊሊፒንስ መንግስት የእህል ድርጅት ያኔ ምን አደረገ፣ በመቶ ሺዎች ቶን የሚቆጠር ሩዝ ባንዴ እገዛለሁ ብሎ በአደባባይ ጨረታ አወጣ፣ ሌላው አገር ሁሉ እያየ። ነጋዴው ደሞ ገዢው እንደተጨነቀ ካወቀ ዋጋ ለምን ያዝንለታል፣ ከ1,000 ዶላር በላይ ጠራበት። ያ የጨረታ ዋጋ በዛው ቀን ለሌላው ሁሉ መነሻ ዋጋ ሆነ። ሩዝ ይጠፋል ብለው ፈሩ፣ ስለፈሩ ከሚያስፈልጋቸው በላይ ገዙ፣ ስለገዙ ጠፋ። የፈሩት ይደርሳል የሚባለው እንዲህ ነው።

ከዛ እንዴት በረደ የሚለው ነው ለኔ ከሁሉ የሚገርመው። ጃፓን የራሷ ሩዝ ሞልቷት ሳለ በአለም ንግድ ድርጅት ስምምነት ምክንያት በየአመቱ የተወሰነ የውጭ ሩዝ መግዛት ግዴታ አለባት፣ ብዙው የአሜሪካ ነው፣ ህዝቡ ብዙም ስለማይፈልገው መጋዘን ይቀመጥና አብዛኛው ለፋብሪካ ወይ ለከብት መኖ ይሄዳል። በ2008 ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ እንደዚህ ተቀምጦ ነበር። በሜይ መጨረሻ አካባቢ አሜሪካ እኔ አልቃወምም አለች፣ ጃፓንም ከዚህ ለፊሊፒንስ ልሸጥ እችላለሁ አለች፣ እና ሩዙ ገና ከመጋዘን ሳይወጣ ወሬው ብቻ ዋጋውን አወረደው። አመቱ ሳያልቅ ወደ ግማሽ ገደማ ወርዶ ነበር። አንድ መርከብ ሳይጫን! እውነተኛ እጥረት ቢሆን ኖሮ በወሬ አይድንም ነበር።

እና 2023 ላይ ይሄ ሁሉ ተረስቶ ነበር መሰለኝ። ጁላይ 20 ህንድ ባስማቲ ያልሆነ ነጭ ሩዝ ከዛሬ ጀምሮ አይወጣም አለች። ማስታወቂያውን ላነበበው ሰው ዝርዝሩ ነው የሚያስገርመው፣ ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት መርከብ ላይ መጫን የጀመረው ይሂድ፣ ሰነዱ ገብቶ መርከቡ ወደብ ላይ የቆመለትም ይሂድ፣ ጉምሩክ ተረክቦ የመዘገበውም ይሂድ፣ ሌላው ይቀራል ይላል። እስቲ አስቡት፣ ካኪናዳን በመሰለ የሩዝ ወደብ ሁለት ነጋዴዎች አንድ አይነት ሩዝ፣ በአንድ አይነት ዋጋ፣ ለአንድ አይነት ገዢ ሸጠዋል፣ የአንዱ የመጀመሪያው ጆንያ መርከብ ላይ ወጥቷል የሌላው መጋዘን በር ላይ ወረፋ እየጠበቀ ነው፣ አንዱ ገንዘቡን ይቀበላል፣ ሌላኛው ከገዢው ጋር ኮንትራት ስለማፍረስ ይጨቃጨቃል፣ ባዶ መርከብ እያስቆመም በቀን ይከፍላል። ገዢው ደሞ እዛ ማዶ ሆኖ መርከቤ ተነሳ አልተነሳም እያለ ስልክ ይደውላል። ይሄን ኤልኒኖ ነው ያመጣው እንበል?

በዛው ሳምንት አሜሪካና ካናዳ ያሉ ህንዶች ሱቅ ገብተው ጆንያ በጆንያ ሲያነሱ የሚያሳይ ቪዲዮ ሁሉ ነበር። በኦገስት በተቀቀለው ሩዝ ላይ 20 በመቶ የኤክስፖርት ቀረጥ ተጨመረ፣ ነጩን ሩዝ ባስማቲ ነው እያሉ የሚያወጡ በመገኘታቸው ባስማቲም በቶን ከ1,200 ዶላር በታች አይሸጥም ተባለ (ላኪዎቹ ሲጮሁ በኋላ ወደ 950 ዝቅ አደረጉት)። የታይላንድ ሩዝ 650 ዶላር አካባቢ ደረሰ፣ ከ2008 ወዲህ ያልታየ ዋጋ ነበር። ሲንጋፖር፣ ቡታንና ሞሪሸስ መንግስታቸው ለመንግስት ጠይቆ የተወሰነ ተፈቀደላቸው፣ ማለትም ንግድ የነበረው ነገር አቤቱታ ሆነ። የሚያውቁት ሚኒስትር ያለው ያገኛል የሌለው ተራ ይጠብቃል።

ህንድን ግን ክፉ አድርጌ መሳል አልፈልግም። 800 ሚሊዮን ለሚሆን ህዝብ በነጻ እህል የሚያድል መንግስት ነው፣ የሩዝ የችርቻሮ ዋጋ በአመት ውስጥ ከ11 በመቶ በላይ ጨምሮበት ነበር፣ ምርጫም በ2024 እየመጣ ነው፣ የትኛው መንግስት ነው እንዲህ ሆኖ ለውጭ ገዢ የሚያስበው። ያም ሆኖ እገዳው በወጣበት ወር የመንግስት መጋዘኖች ውስጥ የነበረው ሩዝ ለመጠባበቂያ ከተቀመጠው መስፈርት በጣም በላይ ነበር። ምርጫው አለፈ፣ አዲሱ ምርት ደረሰ፣ በሴፕቴምበር 2024 እገዳው ተነሳ።

የሚያናድደኝ ህጉ ነው። የአለም ንግድ ድርጅት ገዢ አገሮችን በታሪፍ ጣሪያ አስሮ ይዟል፣ ከዚህ በላይ ቀረጥ እንዳትጥሉ ይላል። ሻጩ በሩን ሲዘጋ ግን ለጊዜው የምግብ እጥረት ለመከላከል ነው ካለ ይፈቀድለታል፣ ቀድመህ አሳውቅ፣ የገዢዎችንም ችግር አስብ የሚል አንቀጽ አለ፣ ማን እንደሚያስገድደው ግን አይታወቅም። በ2022 ጄኔቫ ላይ ተሰብስበው የተስማሙት ቢበዛ የአለም ምግብ ፕሮግራም ለእርዳታ የሚገዛውን አንከለክልም የሚል ነው። እሱም ጥሩ ነው፣ ግን የተራው አስመጪስ?

ሄይቲን ማንሳት አለብኝ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የምትበላውን ሩዝ አብዛኛውን ራሷ ታመርት ነበር፣ በ1995 የሩዝ ታሪፏን 3 በመቶ አድርሺ ተባለች፣ አደረገች፣ በድጎማ የተመረተ የአሜሪካ ሩዝ ገበያዋን ሞላው፣ ገበሬው ተወው። በ2010 ቢል ክሊንተን ራሳቸው (በ1995 የአሜሪካ ፕሬዝዳንት የነበሩት፣ አርካንሳስም ግዛታቸው ናት) በሴኔት ኮሚቴ ፊት ስህተት ነበር፣ ለአርካንሳስ ገበሬዎቼ ሳይጠቅም አይቀርም ግን ለሄይቲ አልሰራም የሚል ነገር ተናገሩ። ከዛ በፊት በኤፕሪል 2008 ግን ዋጋው ሲተኮስ ዋና ከተማዋ ፖርቶፕሪንስ ላይ ሁከት ተነስቶ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከስልጣን ወርደዋል። በርሽን ክፈቺ፣ ከአለም ገበያ ርካሽ ታገኛለሽ የተባለች አገር ነች። የአለም ገበያ የተባለው በአራት መንግስታት ካቢኔ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ያኔ የነገራት አለ ወይ።

ሻጩም ቢሆን ገበያውን እንደፈለገ አይነዳውም፣ ታይላንድ ሞክራው አይታዋለች። ከ2011 ጀምሮ የጠቅላይ ሚኒስትር ይንግሉክ መንግስት ከገበሬው በቶን 15,000 ባህት፣ ከገበያው ወደ ግማሽ ያህል ጨምሮ፣ እየገዛ መጋዘን አስገባ፣ አለም ያለኛ ሩዝ ከየት ያመጣል ብሎ ነው። በዛው ሰሞን ህንድ የ2008ቱን እገዳዋን አነሳች፣ በ2012 ታይላንድ ለረጅም ጊዜ የያዘችውን አንደኛነት ለህንድ አስረክባ ወደ ሶስተኛ ወረደች፣ ሩዙ መጋዘን ውስጥ ተከመረ። ይንግሉክ በዚሁ ጉዳይ በ2017 በሌሉበት አምስት አመት ተፈረደባቸው።

እና አሁን ደሞ ነገሩ ተገላብጧል፣ ይሄን ስጽፍ የምፈራው እሱን ነው። ህንድ ከከፈተች በኋላ በ2025 የታይላንድና የቬትናም ሩዝ ከ400 ዶላር በታች ወረደ። ፊሊፒንስ በጁላይ 2024 ሩዝ ተወደደብኝ ብላ የኢምፖርት ታሪፉን ከ35 ወደ 15 በመቶ ቀንሳ ነበር፣ በሴፕቴምበር 2025 ደሞ ገበሬዬ ከሰረ ብላ ማስገባቱን ለ60 ቀን አቆመች፣ ከዛም አራዘመችው። ያቺው አገር ነች፣ አመት ከጥቂት ወር ውስጥ። የቬትናም ላኪ ለማን ብሎ ያምርት? ዋጋው ሲረክስ ገበሬው ወደ ሌላ ሰብል ይዞራል፣ ክምችት ለመያዝም ማንም ገንዘብ አያወጣም፣ እና የሚቀጥለው እገዳ የሚመጣው ልክ እንደዚህ ሁሉም ተዘናግቶ ባለበት ሰአት ነው።

አገሮች በራሳቸው ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር የለም ማለት አይደለም። ሲንጋፖር ሩዝ አስመጪ ሁሉ የተወሰነ መጠን በመጠባበቂያ እንዲይዝ በህግ ታስገድዳለች፣ ለዚህ ነው በ2023 ብዙ ያልደነገጠችው። ደቡብ ምስራቅ እስያዎቹ ከቻይና ጃፓንና ኮሪያ ጋር የጋራ የአደጋ ጊዜ ሩዝ ክምችት አላቸው፣ ከሚበሉት አንጻር ትንሽ ነው ግን አለ።

ከናንተ የምፈልገው ግን ይሄን ያህል ከባድ አይደለም። ሩዝ ተወደደ ብላችሁ ስትጽፉ ማን በሩን ዘጋ፣ እስከ መቼ፣ መጋዘኑ ውስጥስ ስንት አለው፣ ማን ደንግጦ ትልቅ ጨረታ አወጣ የሚለውን ከላይ አምጡት። ለሜትሮሎጂ ባለሙያው ስትደውሉ በዛው ለአንድ የመርከብ ጭነት ወኪልም ደውሉለት፣ ወደቡ ላይ የቆመው ምን እንደሆነ እሱ ይነግራችኋል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢያችሁ