ከልጆቻችን ጎን ለሚቀመጡት ልጆች፦ የድጋፍ ጥሪ ለኤድመንተን አበሾች

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ይህን የምጽፈው በትምህርት ቤታችን የወላጆች ኮሚቴ ውስጥ ያለነውን ጥቂት አበሾች ወክዬ ነው። ልጆቻችን ከክሪ እና ከሜቲ፣ ማለትም ከካናዳ ነባር ሕዝቦች፣ ልጆች ጋር ነው የሚማሩት። ርዕሰ መምህሯ ለእነዚህ ልጆች ቋንቋቸውንና ባህላቸውን የሚማሩበት አንድ ባዶ ክፍል ሰጥታለች። ክፍሉን ለማደራጀት 9,000 ዶላር ያስፈልጋል። ግማሹን፣ ማለትም 4,500 ዶላሩን፣ አበሻው ይሸፍናል ብለን ቃል ገብተናል። ሳንጠይቃችሁ በስማችሁ ቃል በመግባታችን ይቅርታ አድርጉልን። ግን ምክንያታችንን ስሙን።

አገር ቤት አዳሪ ትምህርት ቤት ሲባል ትዝ የሚለን ጎበዝ ተማሪ ተመርጦ የሚገባበት፣ ቤተሰብም የሚኮራበት ቦታ ነው። እኔም ካናዳ መጥቼ ስለ ነባር ሕዝቦች አዳሪ ትምህርት ቤቶች ስሰማ መጀመሪያ ያሰብኩት እሱን ነበር። ታዲያ ምን ያስለቅሳል ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ለእነዚህ ትምህርት ቤቶች መንግሥት ገንዘቡን ይሰጥ፣ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ያስተዳድሯቸው ነበር። ከ130 በላይ ነበሩ። ከ150,000 የሚበልጡ ልጆች ከወላጆቻቸው ተነጥለው ገቡባቸው። በፈረንጆቹ ከ1920 ጀምሮ ልጄን አልሰጥም ያለ ወላጅ በሕግ ይገደድ ነበር። ልጁ ሲገባ ፀጉሩን ይላጫል። በእናቱ ቋንቋ ሲናገር ይቀጣል። ከ4,000 በላይ የሞቱ ልጆች ስም ተመዝግቧል። የመጨረሻዎቹ የተዘጉት በ1990ዎቹ ውስጥ ነው፤ ብዙዎቻችን ተወልደን፣ አንዳንዶቻችንም እዚሁ ካናዳ ገብተን ነበር።

ሩቅ ቦታ እንዳይመስላችሁ። ማስኳቺስ የሚባለው የክሪዎች መንደር ከኤድመንተን በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ኤርሚንስኪን የሚባለው ትልቅ አዳሪ ትምህርት ቤት የነበረው እዚያ ነው። የካቶሊኩ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በ2022 ሐምሌ ወር ላይ ይቅርታ ሊጠይቁ የመጡትም እዚያው ነው። ከልጆቻችን ጎን የሚቀመጡት ልጆች አያቶቻቸው ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች የወጡ ናቸው። ለዚህ ነው አንዳንድ አያት እስከ ዛሬ የትምህርት ቤት በር ላይ ሲደርሱ እግራቸው የሚከብዳቸው። እኛ አበሾች አብዛኞቻችን አማኞች ነን። ይህ ሁሉ በእግዚአብሔር ስም መደረጉ ከማንም በላይ እኛን ሊያመን ይገባል።

«እኛ ምን አጠፋን? ትናንት የመጣን ስደተኞች ነን» የሚል ሰው አለ። እውነት ነው፣ አላጠፋንም። ግን ቤት የገዛንበት፣ ልጅ የወለድንበት ኤድመንተን የእንግሊዝ ዘውድና ነባር ሕዝቦች በ1876 በተፈራረሙት ስድስተኛው ውል (Treaty 6) ውስጥ ያለ መሬት ነው። በዚያ ውል ላይ ለነባሮቹ ትምህርት ቤት በየመንደራቸው እንደሚኖራቸው ቃል ተገብቶላቸው ነበር። የመጣላቸውን አይታችኋል። ደግሞስ ከሰኔ 2021 ወዲህ ዜግነት የወሰዳችሁ፣ እጃችሁን አንስታችሁ የማላችሁትን ታስታውሳላችሁ? የነባሮቹን፣ ማለትም የፈርስት ኔሽንስን፣ የኢኑዊትን እና የሜቲን ሕዝቦች መብት የሚያረጋግጠውን ሕገ መንግሥት አከብራለሁ ብላችኋል። ይህ ዓረፍተ ነገር ወደ መሐላው የገባው መሬይ ሲንክሌር (Murray Sinclair) የመሩት፣ የአዳሪ ትምህርት ቤቶቹን ጉዳይ የመረመረው የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን ስለጠየቀ ነው። ኮሚሽኑ ከ6,500 በላይ ሰዎችን ሰምቶ በ2015 ካቀረባቸው 94 ጥሪዎች የመጨረሻው እሱ ነበር። እኛ ደግሞ መሐላ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን።

እርቅንም እናውቃለን። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ በዳይ ጥፋቱን ይናገራል፣ ካሳ ይከፈላል። ካሳው የእኛ ዕዳ አይደለም። ግን በጎረቤት እርቅ ላይ ዳቦ ይዞ የሚመጣ ጎረቤት ምንጊዜም አለ።

አንድ ቀን ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ «እማዬ፣ እነሱም ሀ ሁ አላቸው!» አለችኝ። የጓደኛዋን ደብተር አይታ ነው። ለካ የክሪ ቋንቋ የራሱ ፊደል አለው። የእኛ ፊደል እግርና ቀለበት እያወጣ ሰባት ይሆናል። የእነሱ ደግሞ አንዱ ቅርጽ ወደ አራት አቅጣጫ እየዞረ አናባቢው ይለወጣል። መጻሕፍት በ1840 ገደማ ጄምስ ኢቫንስ የተባለ ሚስዮናዊ እንደሠራው ይጽፋሉ። የክሪ አዛውንት ግን ካሊንግ ባጀር ለተባለ የራሳቸው ሰው ከመንፈስ ዓለም የተሰጠ ነው ይላሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻችንን ጎትተን አማርኛ የምናስተምር ወላጆች፣ ይህ ነገር ሆዳችንን ሊነካን ይገባል። የእኛ ልጆች አማርኛ ቢጠፋባቸው ሚሊዮኖች የሚናገሩት አገር አለ። የክሪ ልጅ ቋንቋው እዚህ ከጠፋ ሌላ የሚሄድበት አገር የለውም።

ስለዚህ ገንዘቡ ወዴት ይሄዳል? ትልቁ ወጪ 3,000 ዶላር ነው። በወር ሁለት ጊዜ መጥታ ቋንቋና ተረት ለምታስተምር አንዲት የክሪ አዛውንት ይሰጣል። ልጆቹ ኮኩም ይሏታል፣ ሴት አያት እንደማለት ነው። በእነሱ ባህል አዛውንት ዘንድ ባዶ እጅ አይኬድም፤ ትምባሆ ይሰጣል፣ ድካማቸውም ይከበራል። 2,800 ዶላር ደግሞ ጭስ ወደ ውጪ ለሚያወጣ ፋን ነው። ሴጅ እና ስዊትግራስ የሚባሉ ቅጠልና ሣር አጭሰው ይጸልያሉ፣ ልክ እኛ ዕጣን እንደምናጨሰው። ያለ ፋን ግን የእሳት ደወሉ ይጮኻል። ዕጣን አጭሳ ደወል ያስጮኸች ሁሉ ይህን ትረዳለች። የቀረው ለመጻሕፍት፣ ለጨሌ፣ ለቆዳ፣ ለሁለት የስፌት መኪናና ለጨርቅ ነው።

የስፌት መኪናው ለሪበን ቀሚስ ነው፤ ባለቀለም ጥብጣብ የተሰፋበት የነባር ሕዝቦች ሴቶች የባህል ቀሚስ ማለት ነው። በ2020 በሳስካችዋን አንዲት የ10 ዓመት ልጅ ሪበን ቀሚስ ለብሳ ትምህርት ቤት ብትሄድ ለዝግጅቱ አይመጥንም ተብላ አንገቷን ደፍታ ተመለሰች። ነገሩ አገር አዳረሰ። ከ2023 ጀምሮ ጃንዋሪ 4 የሪበን ቀሚስ ቀን ሆኗል። ልጄን የጥበብ ቀሚስ አልብሼ ብልካት፣ እሷም እንዲህ ብትባል ምን እንደምሆን አላውቅም።

90 ቤተሰብ 50 ዶላር ቢያወጣ ድርሻችን ይሞላል። የማይችል 10 ዶላር ይስጥ፣ እሱም ይቆጠራል። ገንዘቡ በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ቢሮ ይገባል፤ በእኛ እጅ አያልፍም። ደረሰኝ ትጠይቃላችሁ፣ ይሰጣችኋል። በየእድሩ ደግሞ አንድ የኮሚቴ አባል ዝርዝሩን ይዞ ይመጣል። ስፌት የምትችሉ እናቶች ስማችሁን ለእሱ ስጡ፤ ኮኩም አብረን እንድንሰፋ ጠይቃናለች።

የሴፕቴምበር 30 ብርቱካናማ ካናቴራ ከመውጣቱ በፊት ብንጨርስ ደስ ይለናል። ካናቴራውን ለልጆቻችን በየዓመቱ እንገዛለን። በ1973 አያቷ የገዙላትን ብርቱካናማ ሸሚዝ አዳሪ ትምህርት ቤት በገባችበት በመጀመሪያው ቀን የተነጠቀችውን የስድስት ዓመቷን ፊሊስ ዌብስታድን ለማስታወስ ነው የሚለበሰው። ዘንድሮ ስታለብሷቸው ይህንንም ንገሯቸው።