ከሲፒዩው ጀርባ የተሰካችው ዕቃ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

መገናኛ አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። በየመሥሪያ ቤቱ እየዞርኩም ሰርቪስ አደርጋለሁ። የምጽፍላችሁ የድርጅት ባለቤቶች ሰሞኑን እየደጋገሙ የሚጠይቁኝ ነገር አሳስቦኝ ነው። «ሠራተኛ ኪቦርድ ላይ የሚነካውን ሁሉ የምትቀዳ ዕቃ አለች አሉ፤ ታመጣልኛለህ?» ይሉኛል። አላመጣም። ምክንያቴን ላስረዳ።

ዕቃዋ ኪይሎገር ትባላለች። ብታክል የአውራ ጣት ጫፍ ነው። በኪቦርዱ ገመድና በሲፒዩው መሃል ትሰካለች፤ ለማያውቃት ሰው ተራ የዩኤስቢ ማያያዣ ትመስላለች። ኮምፒውተሩ ላይ የሚጫን ፕሮግራም ስለሌላት አንቲቫይረስ አያገኛትም። ዊንዶውስ ሲከፈት የሚገባውን ፓስወርድ ሳይቀር ትይዛለች። ብዙዎቹ ሦስት ቁልፍ አንድ ላይ ሲጫኑ እንደ ፍላሽ ይከፈታሉ፤ የተቀዳው ሁሉ አንድ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ተደርድሮ ይገኛል። ዋይፋይ ያላቸውም አሉ። የሰካው ሰው ጎን ክፍል ቁጭ ብሎ በስልኩ ያነባል።

ሐሳቡ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካኖች ሞስኮ ባለው ኤምባሲያቸውና ሌኒንግራድ ባለው ቆንስላቸው 16 የአይቢኤም የጽሕፈት መኪናዎች ውስጥ የሶቪየት መጥለፊያ ተደብቆ አግኝተዋል። ፊደል በተመታ ቁጥር የሚንቀሳቀሰውን ብረት እየተከታተለ የተጻፈውን በሬዲዮ ይልክ ነበር። ያኔ ስለላው በሁለት ኃያላን መንግሥታት መካከል ነበር። አሁን አለቃ ደመወዝ ከሚከፍላት የሒሳብ ሠራተኛ ጀርባ ይሰካዋል።

ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ድርጅት ውስጥ አቧራ ልነፋ ሲፒዩውን ሳዞር ይህችው ዕቃ ተሰክታለች። ነቀልኳት። የሒሳብ ሠራተኛዋ «ወንድሜ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለችኝ። ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ቆመው ነበር። «መልሰህ ሰካው፤ የራሳችን ነው» አሉኝ። «ጋሼ፣ ምን እንደሆነ እሷ ሳታውቅ እኔ አልሰካውም» አልኳቸው። «ምን አለው? ሥራ ብቻ እኮ ነው ያለበት» ብለው እዚያው ከፈቱት።

ልጅቷ አማርኛ የምትጽፈው በእንግሊዝኛ ቁልፎች አማርኛ በሚያስጽፈው ፓወር ግዕዝ በሚባል ፕሮግራም ነው። ዕቃዋ የምትቀዳው ደግሞ ቁልፉን ስለሆነ ሁሉም በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የተቀመጠው። «ሰላም» ያለችው ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ሆኖ ይታያል። ማንም ሰው ሳይቸገር ያነበዋል። የገረመኝ ግን የማጥፊያው ቁልፍም አብሮ መቀዳቱ ነው። ለእናቷ ሕክምና የደመወዝ ብድር ለመጠየቅ ማመልከቻ ጀምራ ነበር። ጽፋ አጥፍታዋለች። ሌላ ቀን እንደገና ጀምራ እንደገና አጥፍታዋለች። ለማንም አልሰጠችውም። ፋይሉ ውስጥ ግን አለ። ፊቷ ቅይር አለ። ዝቅ ብሎ ደግሞ የድርጅቱ የኢንተርኔት ባንክ መግቢያና ፓስወርድ እንዳለ ቁጭ ብሏል። ሥራ አስኪያጁ ያን ሲያዩ ነው የደነገጡት። ጽዳት ሠራተኛ፣ ጥበቃ ወይም እንግዳ ነቅሎ ኪሱ ቢከታት ማን ያውቃል? ዕቃዋ ለሰካትም ለሰረቃትም እኩል ታገለግላለች።

«ኮምፒውተሩ የኔ ነው» የሚለውን መልስ ብዙ ሰምቻለሁ። ኮምፒውተሩ ያንተ ነው፤ የሰው የግል መልእክት ግን ያንተ አይደለም። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 26 በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነት እንደማይደፈር ይናገራል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ዳታ መጥለፍን ወንጀል አድርጎታል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። የጀርመን ፌዴራል የሥራ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 በኪይሎገር ተሰብስቦ ሠራተኛ የተባረረበትን ማስረጃ አልተቀበለም። ተጨባጭ ጥርጣሬ ሳይኖር የሠራተኛን እያንዳንዱን ቁልፍ መቅዳት አይቻልም ብሏል። የእናንተ የሕግ ዓምድ ጸሐፊም የእኛዎቹ አዋጆች ለአሠሪና ሠራተኛ ምን ማለት እንደሆኑ ዘርዘር አድርጎ ቢጽፍልን ደስ ይለኛል። አለቆች ሲያነቡት ነው የሚሰሙት።

መቆጣጠር የፈለገ አሠሪ በጽሑፍ ያሳውቅ፤ ምን እንደሚመዘገብና ማን እንደሚያየው ይናገር፤ ሠራተኛው ይፈርም። ሥራ መሠራቱን ለማወቅ የሰው ፓስወርድና ያጠፋውን ማመልከቻ ማንበብ አያስፈልግም።

በዴስክቶፕ የምትሠሩ፣ የኢንተርኔት ካፌ ደንበኞችም ጭምር፣ ከመቀመጣችሁ በፊት የኪቦርዱን ገመድ እስከ ሲፒዩው ድረስ በእጃችሁ ተከተሉት። መሃል ላይ የማታውቁት ነገር ካለ ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፤ ሌላ ሰው ጠርታችሁ አሳዩ። ፓስወርዳችሁን በሌላ ኮምፒውተር ወይም በስልካችሁ ቀይሩ። ባንካችሁና ኢሜላችሁ በስልክ ኮድ የሚልክ ከሆነ ያንን ዛሬውኑ አስከፍቱ።

የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ
መገናኛ፣ አዲስ አበባ